መምህሩ ሲሞት የማይዘጋ ትምህርት ቤት
(ለአዲስ አንባቢዎች በራዲዮ የቀረበ ንግግር)

ከእርሻ የገባችሁ፣ ከገበያ የተመለሳችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ ደብተር የያዛችሁ፣ ሁላችሁም እንደምን አመሻችሁ?

የዛሬው ጨዋታችን ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ኢንዶኔዢያ የምትባል አገር አለች። በውኃ የተከበቡ በሺህ የሚቆጠሩ ደሴቶች አሏት። ከደሴቶቹ አንዱ ጃቫ ይባላል። በጃቫ ውስጥ ደግሞ ዮግያካርታ የሚባል ከተማ አለ። ታሪካችን እዚያ ይጀምራል። የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ያዙልን።

በመጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። በአንድ መንደር አንድ ጎበዝ መምህር አሉ እንበል። ቤታቸው ትምህርት ቤት ነው። ልጆች ከሩቅ ይመጣሉ። ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ ይሞታሉ። ታዲያ ትምህርት ቤቱ ምን ይሆናል?

መልሱን ታውቁታላችሁ። በአገራችንም በወሎ ሆነ በጅማ፣ አንድ ትልቅ ሸኽ ሲያልፉ ደረሳው ስንቁን ቋጥሮ ሌላ ሸኽ ፍለጋ ሲነሣ ያየ ሰው ያውቀዋል። በጃቫም እንዲሁ ነበር። የዛሬው ጨዋታችን ይህን ችግር ለመፍታት ስለተነሡ ሰው ነው።

ሰውየው የተወለዱት በ1868 ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሙሐመድ ዳርዊስ ነበር። አባታቸው የዮግያካርታ ታላቁ መስጊድ ኸጢብ ነበሩ። ኸጢብ ማለት የጁምዓ ዕለት ኹጥባ የሚያደርግ፣ ሕዝቡን የሚመክር ሰው ነው። መስጊዱ አጠገብ ካውማን የሚባል ሰፈር አለ። የሰፈሩ ሰው አብዛኛው የመስጊዱ አገልጋይና የሃይማኖት አዋቂ ነበር። ልጁ እዚያ አደገ።

ገና በ15 ዓመቱ ለሐጅ ወደ መካ ሄደ። በዚያ ዘመን በመርከብ ነው የሚኬደው፤ ሐጅ አድርጎም ቶሎ አልተመለሰም። ዓመታት ተቀምጦ ተማረ። ሲመለስ ስሙን ለውጦ አሕመድ ዳሕላን ተባለ። ከእንግዲህ እኛም አንቱ እያልን ሐጂ አሕመድ ዳሕላን እንላቸዋለን። አባታቸው ሲሞቱ የኸጢብነቱን ሥራ ወረሱ። ደመወዙ ትንሽ ስለነበር ኑሯቸውን የደጎሙት በጨርቅ ንግድ ነው። ባቲክ የሚባል ጨርቅ አለ። በሰም ንድፍ እየተሣለበት በቀለም የሚነከር ነው። እሱን ይዘው ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። ይህን ጨርቅ አትርሱት፤ በኋላ ተመልሰን እንመጣበታለን።

ሐጂ አሕመድ ከመካ ሲመለሱ አንድ ነገር ታያቸው። በከተማው ሰዎች ሲሰግዱ ፊታቸውን በቀጥታ ወደ ምዕራብ ያዞራሉ። ነገር ግን መካ ከዮግያካርታ ሲታይ በቀጥታ ምዕራብ አይደለም፤ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ይህ በግምት ሳይሆን በካርታና በሒሳብ የሚታወቅ ነገር ነው። ሐጂ አሕመድም ይህን ተናገሩ። ትልልቆቹ ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም።

እሳቸው ታዲያ የራሳቸውን ትንሽ መስገጃ ቤት በትክክለኛው አቅጣጫ አሠሩ። ይህ በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የመስጊዱ የበላይ አለቃ ቤቱ ይፍረስ ብለው አዘዙ፤ ፈረሰም። ሐጂ አሕመድ በጣም አዘኑ። ቤተሰባቸውን ይዘው ከተማውን ጥለው ሊሄዱ ተነሡ። ዘመዶቻቸው ለምነው አስቀሯቸው፤ መስገጃውንም መልሰው ሠሩላቸው። ባይለምኗቸው ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራናችሁ ነበር።

እንግዲህ በዚያን ዘመን የነበረውን ትምህርት እንይ። ኢንዶኔዢያን የሚገዙት ሆላንዶች ነበሩ። ሆላንዶች ትምህርት ቤት ከፍተዋል። በዚያ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና የሆላንድ ቋንቋ ይማሩበታል። የሚገቡት ግን ጥቂት ልጆች ናቸው፤ የሹማምንትና የባለጸጋ ልጆች። ስለ እስልምና አይማሩበትም። በሌላ በኩል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች አሉ። እዚያ ቁርኣንና ኪታብ ይማሩበታል፤ ሒሳብና ጂኦግራፊ ግን የለም። ከአንደኛው የወጣው ሌላኛውን ይንቃል። ከሌላኛው የወጣው አንደኛውን ይፈራል። የአንድ አገር ልጆች ሆነው እንደ ባዕድ ይተያያሉ።

አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ ሁለቱም ጋ የለም። በላቲን ፊደል የተጻፈውን የመንግሥት ማስታወቂያ ማንበብ አይችልም። ወረቀት ሲመጣለት ሰው ፍለጋ ይሄዳል። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ታውቁታላችሁ።

ሐጂ አሕመድ ሁለቱን ትምህርት በአንድ ክፍል ለማስተማር አሰቡ። በ1911 ታኅሣሥ ወር ላይ በመኖሪያ ቤታቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤት ስንል ትልቅ ሕንፃ አይምሰላችሁ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ አንድ ክፍል ነው። ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ። ተማሪዎቹ አሥር አይሞሉም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹም እየቀሩ አስቸገሩ። ሐጂው ራሳቸው በየቤቱ እየሄዱ ይጠሯቸው እንደነበር ይነገራል። አስቡት! ኸጢብ፣ ሁለት ጊዜ መካ የሄዱ ሰው፣ ደጅ ቆመው «ልጅህ ዛሬ ለምን ቀረ?» ብለው ሲጠይቁ። ሃይማኖቱን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ሌላውን ትምህርት የሚያስተምሩ ሰዎች ደግሞ ቡዲ ኡቶሞ በሚባል የጃቫ ተወላጆች ማኅበር በኩል አገኙ።

ሰፈሩ ግን ተንጫጫ። ቁርኣን የሚቀራው መሬት ላይ ተቀምጦ ነው፤ ወንበርና ሰሌዳ የሆላንድ ነገር ነው ተባለ። አንዳንዶች ሐጂውን ካፊር እስከማለት ደረሱ። እንደሚተረከው አንድ ቀን ከሌላ ከተማ አንድ ሸኽ መጥተው ወቀሷቸው።

«እርስዎ የሃይማኖት አዋቂ ሆነው ሳለ የካፊሮችን ዕቃ ለትምህርት ቤት ይጠቀማሉ?» አሏቸው።

ሐጂ አሕመድ አልተቆጡም። «ሸኽ፣ ለመሆኑ ከከተማዎ ወደዚህ በምን መጡ?» ብለው ጠየቁ።

«በባቡር።»

«ባቡሩን የሠራው ማን ነው?»

እንግዳው ዝም አሉ። ባቡሩ የሆላንዶች ነበር።

ይህን ወሬ ሰዎች ሲያወሩት ይስቃሉ። እኔ ግን ነቃፊውን ሸኽ ሞኝ አድርጌ አላይም። አገር በባዕድ እጅ ተይዞ ሳለ ከባዕድ የመጣ ነገር ሁሉ ወጥመድ ቢመስል አያስገርምም። የሐጂ አሕመድ ብልሃት ዕቃውን ከባለቤቱ መለየታቸው ነው። ሰሌዳ ሰሌዳ ነው። የሚጻፍበትን የምትመርጠው አንተ ነህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በዚያው ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነበረ፤ የመንግሥት ነው። ሐጂ አሕመድ እዚያም ገብተው ለሚፈልጉ ተማሪዎች ሃይማኖት ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ በዕረፍት ቀን እሳቸው ቤት እየመጡ ይጠይቁ፣ ይከራከሩ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ያችን ትንሽ ክፍል አየ። ጉዳዩን ጠይቆ ከተረዳ በኋላ ቁም ነገር ተናገረ። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ይህ ትምህርት ቤት በእርስዎ ብቻ ከቆመ፣ እርስዎ ሲያልፉ ይዘጋል። በማኅበር ቢያዝ ግን ይኖራል።

ልብ በሉ፣ ይህን ያለው ተማሪ ነው። ሐጂው አልናቁትም፤ ተቀበሉት።

ማኅበር ማለት ምን ማለት ነው? እናንተ ዕድርና ዕቁብ ታውቃላችሁ። ዕድር ሊቀ መንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ሊቀ መንበሩ ቢሞት ዕድሩ አይሞትም፤ ሌላ ይመረጣል። መዝገቡ አለ፤ ገንዘቡም አለ። እንዲያውም የሞተውን የሚቀብረው ዕድሩ ነው። የጃቫው ሐሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ያኛው የቆመው ለማስተማር ነው።

ኅዳር 18 ቀን 1912 ማኅበሩ ተመሠረተ። ስሙ ሙሐመዲያ ተባለ። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታይ ለማለት ነው። በአገሩ ሕግ መሠረት ማኅበር ለማቆም የሆላንድ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻው በዚያው ዓመት ገባ። መልሱ የመጣው ግን በ1914 ነው። ፈቃዱም ለዮግያካርታ ብቻ ነበር። ገዢዎቹ ሙስሊሞች በየቦታው እንዲደራጁ አልወደዱም። በመላው ግዛት እንዲሠራ የተፈቀደለት በ1921 ነው። በመካከሉ ሌሎች ከተሞች ያሉ ሰዎች ዝም ብለው አልጠበቁም፤ በሌላ በሌላ ስም የራሳቸውን ማኅበር እያቆሙ ያንኑ ሥራ ሠሩ።

የሙሐመዲያ ሰዎች ከሆላንድ መንግሥት ድጎማ የተቀበሉባቸው ትምህርት ቤቶችም ነበሯቸው። በዚህ ብዙ ተነቅፈዋል። ነቀፋው ከንቱ ነው አልልም። ገንዘብ የሰጠ ሰው ትእዛዝ ማስከተሉ አይቀርም። ግን ደመወዝ የሚጠብቅ መምህር በሌለበት መንቀፍ ይቀላል።

ስለ ደመወዝ ካነሣን አንድ ጨዋታ አለ። ካውማን ውስጥ ዛሬም ይተረካል። የማኅበሩ ካዝና ባዶ ሆነ። የመምህራኑን ደመወዝ ለመክፈልና ሥራውን ለማስቀጠል 500 ጉልደን ተፈለገ። ጉልደን የሆላንዶች ገንዘብ ነው። ሐጂ አሕመድ ለስብሰባ የሚመታውን የእንጨት ደወል አስመቱ። የሰፈሩ ሰው እሳት የተነሣ መስሎት ተሰበሰበ። «የማኅበሩ ገንዘብ አልቋል። የቤቴን ዕቃ ሁሉ በጨረታ እሸጣለሁ» አሉ።

ልብሱ፣ ሰዓቱ፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው ወጣ። ሰዎቹም ተጫረቱ። ዋጋ ጨማምረው ገዙ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ገንዘቡን አስቀመጡና ዕቃውን ሳይወስዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሐጂው «ዕቃችሁን ውሰዱ እንጂ!» ቢሏቸው፣ ዕቃው የእርስዎ ነው አሏቸው። የተሰበሰበው ገንዘብ ከተፈለገው በብዙ ይበልጥ ነበር። ትርፉን መልሱልን ያለ የለም። ለማኅበሩ ቀረ።

ሌላም አለ። ሐጂ አሕመድ ለተማሪዎቻቸው ሱረቱል ማዑንን ያስተምሩ ነበር። ይህ ሱራ አጭር ነው፤ ሰባት አንቀጽ ብቻ። የቲሙን የሚገፋውንና ሚስኪኑን የማያበላውን ሰው ይወቅሳል። ሐጂው ይህንኑ ሱራ ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም ደጋገሙት። ተማሪዎቹ ሰለቹ። አንዱ ደፍሮ ጠየቀ፤ «ለምን ወደሚቀጥለው አንሄድም?»

«አውቃችሁታል?» አሏቸው።

«በቃላችን ይዘነዋል።»

«ሠርታችሁበታል ወይ?»

ዝም አሉ። እንግዲያው ገበያ ሂዱ፣ የቲምና ሚስኪን ፈልጉ፣ ቤታችሁ አምጥታችሁ አጥቡ፣ አልብሱ፣ አብሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን ብለው አሰናበቷቸው። ማኅበሩ በኋላ የየቲሞች ቤትና ክሊኒክ የከፈተው ከዚህ ትምህርት ተነሥቶ ነው ይባላል።

አሁን ወደ ባቲኩ እንመለስ። አትርሱ ብለናችሁ ነበር።

የሐጂ አሕመድ ባለቤት ሲቲ ወሊዳ ይባላሉ። በ1872 በዚያው በካውማን ነው የተወለዱት። አባታቸው የሃይማኖት አዋቂ ነበሩ። ሴት ልጅ ግን ትምህርት ቤት አትሄድም ነበርና እሳቸውም አንድ ቀን ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ቁርኣን የቀሩት ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ባላቸው ሲያስተምሩ እያዳመጡ ብዙ ተማሩ።

በካውማን የባቲክ ጨርቅ የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሰም እያቀለጡ ጨርቁን ይነድፋሉ። ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም። ቀን መማር አይችሉም፤ ቀኑ የእንጀራቸው ነው። ሲቲ ወሊዳ ታዲያ ጊዜ ፈለጉላቸው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ከዒሻ በፊት ያለችውን ሰዓት መረጡ። ከሥራ የወጡትን ሴቶች ሰብስበው ያስተምሯቸው ጀመር። ሃይማኖቱንም ያስተምራሉ፤ ማንበብና መጻፍም ያስተምራሉ። የማታ ትምህርት ማለት ነው፤ ልክ እንደ እናንተ።

በሰፈሩ ይህም አልተወደደም። ሴት ማታ ከቤት ምን ያስወጣታል ያሉ ነበሩ። ሲቲ ወሊዳ አልተመለሱም። በ1917 የሙሐመዲያ ሴቶች ዓኢሺያ የሚባል የራሳቸውን ድርጅት አቆሙ። ስሙ የተወሰደው ከነቢዩ ባለቤት ከዓኢሻ ነው። ዓኢሻ ብዙ ያወቁና ብዙ ያስተማሩ ሴት ነበሩና ስሙ በደንብ ተመርጧል። በ1919 ለሕፃናት መዋያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በካውማን ለሴቶች ብቻ የሚሆን መስገጃ ተሠራ።

በ1923 ደግሞ ዓኢሺያ መሃይምነትን ለማጥፋት ትምህርት ጀመረ። ሴቶቹ በሁለት ፊደል ነው የሚማሩት፤ በዓረብኛውም በላቲኑም። አንደኛው ለኪታቡ፣ ሁለተኛው ለመንግሥቱ ወረቀትና ለጋዜጣው። ሁለት ፊደል በአንድ ጊዜ! እኛ ሀ ሁ ሂ ከበደን ስንል እነሱ እንዲህ ነበሩ።

ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ከሌለው ይረሳል። ይህን ቀድመው አውቀው ነበር። ሙሐመዲያ በ1915 የራሱን መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ መጀመሪያ የታተመው በሕዝቡ ቋንቋ በጃቫኛ ነው። በኢንዶኔዢያ ቋንቋ ዛሬም ይታተማል። ዓኢሺያም በ1926 የሴቶች መጽሔት አወጣ። በመስጊድም ቢሆን ኹጥባው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እንዲሆን አደረጉ።

ሐጂ አሕመድ ዳሕላን የካቲት 23 ቀን 1923 በሞት ተለዩ። ዕድሜያቸው 54 ነበር። በመጨረሻው ጊዜ ታመው ሳለ ዕረፍት አድርጉ ቢባሉ እሺ አላሉም። ባለቤታቸው ሲለምኗቸውም ሥራው እንዳይቋረጥ መቸኮል አለብኝ ይሉ ነበር ይባላል።

እንግዲህ የዚያ ተማሪ ቃል የሚፈተንበት ቀን ይህ ነበር። መምህሩ ሞቱ። ትምህርት ቤቱስ?

አባላቱ ሌላ ሊቀ መንበር መረጡ። በማግስቱ ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ ማኅበሩ 4,000 አባላት ነበሩት። ትምህርት ቤቶቹ 55 ደረሱ፤ ተማሪዎቹም 4,000 ሆኑ። በዚሁ ዓመት ሥራው ከጃቫ ወጥቶ ሱማትራ ወደሚባለው ትልቅ ደሴት ተሻገረ። በ1938 አባላቱ 250,000፣ ትምህርት ቤቶቹ 1,774 ሆነዋል። ያች 6 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነች ክፍል ይህን ሁሉ ወለደች።

ሁሉም ሰው ተስማማ ማለት ግን አይደለም። የሙሐመዲያን አካሄድ ያልወደዱ የጃቫ ሊቃውንት በ1926 ነህደቱል ዑለማ የሚባል ሌላ ማኅበር አቋቋሙ። በብዙ ነገር ተከራከሩ። ሆኖም እነሱም በበኩላቸው ትምህርት ቤት አስፋፉ። ሁለቱ ሲፎካከሩ የተጠቀመው ልጁ ነው።

በዚያው በ1926 ሙሐመዲያ ትልቁን ጉባኤ ሱራባያ በሚባል የወደብ ከተማ አደረገ። ስብሰባውን በሊቀ መንበርነት የመሩት ሲቲ ወሊዳ ነበሩ። ከዚያ በፊት የማኅበሩን ጉባኤ ሴት መርታው አታውቅም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ ሴት በወንዶችና በሴቶች ፊት ተነሥተው ተናገሩ፤ ጋዜጦችም ጻፉት። እኒያ ባቲክ የሚሠሩ ሴቶች ያን ጋዜጣ ይዘው ስለ መምህራቸው ራሳቸው አንብበውት ይሆን? እኔ እንዳነበቡት ማሰብ ደስ ይለኛል።

ሲቲ ወሊዳ በ1946 አረፉ። ኢንዶኔዢያ ነፃነቷን ካወጀች ገና አንድ ዓመት አልሞላትም ነበር። አገሪቱ በኋላ ባልየውን በ1961፣ ሚስትየውን በ1971 ብሔራዊ ጀግና ብላ ሰየመች። ዛሬ ማኅበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች፣ ብዙ ሆስፒታሎችና ከ160 በላይ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች አሉት።

ሰዓታችን ደርሷል። በዛሬው ንግግር ውስጥ ደጋግመን የጠራናቸውን አራት ቃላት በደብተራችሁ ላይ ጻፉልን፤ ማኅበር፣ ሰሌዳ፣ ደመወዝ፣ መምህር። «መ»ን እና «ማ»ን እንዳታምታቱ። ደህና እደሩ።